ቪዳ ሜስካል በድሬዳዋ ሙቀት ሲቀመስ

ድሬዳዋ ውስጥ የግመል ወተት የቀመሰ ሰው ጭስ መጠጥ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚል ያውቃል። ወተቱን እሳት አልነካውም፤ የታጠነው ዕቃው ነው። ለማያውቀው እንግዳ ግን የመጀመሪያው ጉንጭ «ይሄ ነገር አሯል እንዴ?» ያሰኘዋል። ቪዳ የሚባለውን የሜክሲኮ ሜስካል፣ ማጌይ ከሚባል ተክል የሚወጣውን አረቄ፣ ቀድተው አፍንጫቸው ሥር ያስጠጉ ሰዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ወይ ይወዱታል፣ ወይ መለኪያውን ገፋ አድርገው ቢራ ያዝዛሉ።

የምንመዝነው ጠርሙስ የዴል ማጌይ ቪዳ ነው። አልኮሉ 42 በመቶ፣ ተክሉ ኤስፓዲን የሚባለው የማጌይ ዓይነት፣ የወጣበት መንደር በኦአሃካ ግዛት ያለችው ሳን ሉዊስ ዴል ሪዮ። ዴል ማጌይ በ1995 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ የታወቀው የአንዱን መንደር ሜስካል ከሌላው ሳይቀላቅል በየመንደሩ ስም በመሸጥ ነው። ቪዳ በ2010 እ.ኤ.አ. የመጣው ከወንድሞቹ ረከስ ብሎ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎም እንዲጠጣ ታስቦ ነው። ይህን ሳያውቁ መፍረድ አይገባም። ድሬ ላይ ከግሮሰሪ መደርደሪያ ይልቅ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል፤ ስለዚህ «አምጣልኝ» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምታስመጡ እወቁ።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ዳግም አረቄ በመለኪያ ለለመደ ሰው ጥሩ መግቢያ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ጉሮሮ አይቧጭርም፣ ጭሱም ቅጥ አለው። ጣፋጭ ሊኬር ለሚወድ ሰው ገንዘብ ማባከን ነው። ከኮካ ጋር ለመቀላቀል ያሰበ ደግሞ ጂን ይግዛ።

ሜስካል ከቁልቋል የሚወጣ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ማጌይ፣ ሌላው ስሙ አጋቬ፣ የቃጫ ወገን ነው፤ ያ ገመድ የሚሠራበት፣ አጥር ሥር ቅጠሉን እንደ ጎራዴ አንጨፍርሮ የምናየው። ከእሬት ጋር በመልክ ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድናቸው የሩቅ ነው። ተክሉ ዕድሜውን ሙሉ ስኳር ሲያጠራቅም ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ኤስፓዲን ለዚያ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈጅበታል፤ ቶባላ የሚባለው የዱር ዘር ከ10 ዓመት በላይ፤ ቴፔስታቴ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ይችላል። የአበባው ግንድ ብቅ ሲል ገበሬው ይቆርጠዋል፤ ያኔ ወደ አበባው ሊወጣ የነበረው ስኳር እምብርቱ ላይ ይቀራል። ቅጠሉ ሲመለመል የሚቀረው እምብርት አናናስ ስለሚመስል ፒኛ ይሉታል። አንድ ሊትር ሜስካል ለማውጣት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ፒኛ ያስፈልጋል። የሐረርጌ ማሽላ በዓመቱ ይታጨዳል፤ ይሄኛው ሰባት ዓመት መሬት ይዞ ይቀመጣል። የዋጋው ምሥጢር ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

አጥር ላይ ያለውን ቃጫ ቆርጦ መሞከር ለሚያምረው፦ ይቅርባችሁ። ጥሬ ጭማቂው ቆዳን ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ቃጫ ለጭረቱ፣ ማለትም ገመድ ለሚሆነው ክሩ፣ እንጂ ለስኳሩ የተመረጠ ተክል አይደለም።

አወጣጡን ከእኛ አረቄ ጋር ጎን ለጎን ብናስቀምጠው ብዙ ነገር ግልጽ ይሆናል። አረቄ ከእህል ይነሳል፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይረው ብቅሉ ነው፣ ጌሾው ደግሞ ድፍድፉን ከመበላሸት ይጠብቃል። ማጌይ ብቅል አያውቅም። ስኳሩ ኢኑሊን በሚባል ረጅም ሰንሰለት ስለታሰረ እርሾ እንዳለ ሊበላው አይችልም፤ የሚፈታው ሙቀት ነው። ስለዚህ መሬት ይቆፈራል፣ ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት ነዶ ድንጋይ ይግላል፣ ድንጋዩ ላይ ካለፈው ዙር የተረፈ እርጥብ ጭረት ይነጠፋል፣ ፒኛው ይከመራል፣ ከላይ በሰሌንና በአፈር ይደፈናል። ከ3 እስከ 5 ቀን ሲበስል ይቆያል። ጭሱ የሚገባው በዚህ ጊዜ ነው፤ በኋላ ማንም አይጨምረውም።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ድንጋዩ በደንብ ሳይግል ከተደፈነ መሀል ያለው ፒኛ ጥሬ ይቀራል፤ ስኳሩ አልተፈታምና ምርቱ ያንሳል፣ መጠጡም ሣር ሣር ይላል። እንጨቱ ነዶ ሳያልቅ፣ ገና እየጨሰ ከተጫነበት ደግሞ ታች ያለው ያራል፤ የአረረ ነገር ምሬት ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ወጥቶ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ቪዳ ላይ የጥሬ ሣር ሽታ የለም። የአረረ ምሬት ግን ጥቂት አለ፤ ጉንጩ ከወረደ በኋላ ምላስ ጫፍ ላይ ትንኝ የምታህል የከሰል ምሬት ትቀራለች። በአንደኛው መለኪያ አትታወቅም፣ በሦስተኛው ትታወቃለች።

የበሰለው ፒኛ እንስሳ በሚጎትተው ክብ ድንጋይ ወይም በሌላ መፍጫ ይደቅና ከነጭረቱ እንጨት በርሜል ውስጥ ውሃ ተጨምሮበት ይብላላል። እርሾውን አየሩ ያመጣዋል። ሙቀት ሲሆን በቀናት ያልቃል፣ ሲበርድ ከሳምንት ያልፋል፤ ቀኑ ካለፈ ወደ ኮምጣጤ እንደሚሄድ ድፍድፍ ለሚያውቅ ሰው መንገር አያሻም። ከዚያ በእንጨት እሳት፣ በመዳብ ዕቃ፣ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሁለት ጊዜ መውጣቱ እንግዲህ ዳግም ማለት ነው። ልዩነቱ በሁለተኛው ዙር ላይ የሚደረገው መለየት ነው፦ መጀመሪያ የሚመጣው ለብቻ፣ መሀሉ ለብቻ፣ መጨረሻው ለብቻ። መጀመሪያው በደንብ ካልተለየ መጠጡ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። መጨረሻው ብዙ ከገባበት የረጠበ ካርቶን ይሸታል። የትኛውንም አረቄ ሲገዙ እነዚህን ሁለት ሽታዎች መለየት የቻለ አፍንጫ ከብዙ ራስ ምታት ይተርፋል። ቪዳ ከሁለቱም ነጻ ነው።

ኦአሃካ ውስጥ አውጪው የመጠጡን ኃይል የሚለካው በዓይኑ ነው። በመቃ ወደ ላይ ይስብና ቅል ውስጥ ያንጠፈጥፈዋል፤ ላዩ ላይ ዕንቁ የሚመስል አረፋ ቀለበት ሠርቶ ከቆየ ከ45 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ነው ማለት ነው፣ ቶሎ ከጠፋ ወይ በጣም ደክሟል ወይ በጣም በርትቷል። ቪዳን ጠርሙሱን ነቅነቅ ስታደርጉት አረፋው ይመጣና ብዙ ሳይቆይ ይሟሽሻል፤ 42 ስለሆነ ነው። እኛ ብንጠየቅ 46 ላይ ቢተዉት እንመርጥ ነበር፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ውሃ ውሃ የሚለው ነገር ይጠፋለት ነበር።

በእኛ ዘንድ ደግሞ መለኪያው ክብሪት ነው። ጠረጴዛ ላይ ጠብ አድርጎ መለኮስ፤ ሰማያዊ ነበልባል ከመጣ «ጥሩ ዳግም ነው»። ይህ ፈተና ድሬዳዋ ላይ ይዋሻል። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ እንፋሎቱ ብልጭ የሚለው 26 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ነው፤ 30 በመቶ የሆነው 29 ዲግሪ ግድም። ደብረ ብርሃን ማለዳ ላይ ክብሪት አልቀበል ያለው አረቄ፣ ድሬ ላይ በግንቦት ከሰዓት፣ ጠርሙሱ ራሱ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ ያለ ምንም ችግር ይለኮሳል። መጠጡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን መርዛማው አልኮል፣ ሜታኖልም፣ መንደዱ ነው፤ ነበልባሉም ከመፍዘዙ የተነሳ ላይታይ ይችላል። ክብሪት መርዝን ከመጠጥ አይለይም።

ታዲያ ምን ይለያል? በሜስካል በኩል መልሱ የጠርሙሱ ጽሑፍ ነው፤ ትንሽ ልንቆይበት ይገባል። ሜስካል የሚለው ስም በሜክሲኮ ሕግ የተጠበቀው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከተወሰኑት ግዛቶች ውጭ የወጣ መጠጥ በዚህ ስም አይሸጥም። በ2017 እ.ኤ.አ. በይፋ የታተመው ደንብ ደግሞ ሦስት ደረጃ አበጀ። «ሜስካል» ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ በፋብሪካ እንፋሎትና በብረት ዕቃ ሊሠራ ይችላል። «አርቴሳናል» የሚል ካለ ከሥር በቀጥታ እሳት በሚነድበት መዳብ ወይም ሸክላ ወጥቷል። «አንሴስትራል» የሚል ካለ በጉድጓድ በስሎ፣ ከነጭረቱ በሸክላ ማሰሮ ወጥቷል፤ የእኛ እናቶች ማሰሮ ከሩቅ የሚያስታውሰን ይሄኛው ነው። ቪዳ አርቴሳናል ነው። ከዚህ ሌላ ጽሑፉ ላይ የማጌዩ ዓይነት፣ ግዛቱ፣ የዙሩ ቁጥርና የአልኮሉ መጠን መኖር አለበት፤ አልኮሉም ከ35 እስከ 55 በመቶ መሀል ይሁን። ሜስካል በበርሜል ወጥቶ ሌላ አገር አይታሸግም፤ ስለዚህ «የታሸገው» የሚለው መስመር ላይ ከሜክሲኮ ሌላ አገር ካያችሁ ጠርሙሱን መልሱት።

አረቄ ይህ ሁሉ ቀርቶበታል። ጄሪካን ውስጥ ያለው ከየትኛው መንደር እንደመጣ፣ ከገብስ ይሁን ከዳጉሳ፣ ማን እንዳወጣው የሚናገር አንድ ቁራጭ ወረቀት የለበትም። ጠጪው የሚያምነው መለኪያ የምትቀዳለትን ሴትዮ ነው። እሷ ከተለወጠች መጠጡም ይለወጣል። ቪዳን አንድ ጊዜ ቀምሶ «እና የእኛው ዳግም ምን ጎደለው?» የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ጥሩው ዳግም በእጅ ሥራ አያንስም። የጎደለው ያ ወረቀት ነው፣ ገበሬውና አውጪዋ የሚያገኙትን ዋጋ ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነበር።

አሁን ወደ አቀማመሱ። ድሬ ላይ ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው። ጠርሙሱ 30 ዲግሪ ሲሆን አልኮሉ ቀድሞ ይተንና አፍንጫ ይመታል፤ ከኋላው ያለውን ፍሬ ሽታ ማንም አያገኘውም። ፍሪዘር ውስጥ መክተት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው፤ ሽታው ይተኛል፣ የሚቀረው ጭስና ቅዝቃዜ ብቻ ነው። የሚሻለው ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ንፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ማቆም ነው። ከ20 እስከ 22 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይበቃል። ፍሪጅ ካለ የታችኛው ክፍል ያንኑ ይሠራል። ሐረር ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም፤ የማታው አየር ራሱ ልክ ነው።

30 ሚሊ ሊትር ይቀዳ፤ አፉ ሰፋ ያለ ሲኒ ከጠባብ መለኪያ ይሻላል፣ እንፋሎቱ ይበተናልና። አምስት ደቂቃ ይተው። አፍንጫን ሲኒው ውስጥ አትክተቱ፤ ከጫፉ በላይ፣ አፍ ትንሽ ከፈት ተደርጎ ይሽተት። የመጀመሪያው ጉንጭ ለምላስ ማስተዋወቂያ ስለሆነ አይቆጠርም። ከሁለተኛው ጀምሮ የሚመጣው ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፍም ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች ልጣጭ፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለ የበሰለ ሙዝ፣ መሀል ላይ ዝንጅብል፣ ሲወርድ የብርቱካን ልጣጭ። ጭሱ ከታች ሆኖ ሁሉንም ይይዛል፤ በወይራ ከታጠነ የእርጎ ቅል ጋር ቅርብ ነው፣ የኩሽና ጭስ አይደለም።

አንድ ፈተና አለ፣ ከክብሪቱ የሚሻል። ሁለት ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን እጆች አሹ፤ አልኮሉ በግማሽ ደቂቃ ይበናል። የቀረውን አሽቱ። ከእውነተኛ ሜስካል የሚቀረው የተጠበሰው ተክል ሽታ ነው፣ እጅም አይጣበቅም። ጣፋጭ ቫኒላ ብቻ ከሸተተ ወይም መዳፍ ከተጣበቀ ስኳርና ቀለም ገብቶበታል። ምንም ካልቀረ ከስም በቀር ሌላ የሌለው አልኮል ነው።

በዚህ ፈተና የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ ግሮሰሪዎቻችን ላይ ወርቅማ መስሎ የሚቆመው ርካሽ ቴኪላ ነው። ቴኪላ ከአንድ ዓይነት አጋቬ ብቻ፣ ሰማያዊው ከሚባለው፣ ይሠራል፤ ስሙም የተጠበቀው ከሜስካል ቀድሞ በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ሆኖም ሕጉ ከስኳሩ 51 በመቶው ብቻ ከአጋቬ ቢሆን፣ ሌላው ከሸንኮራ ቢመጣ ይፈቅዳል። «100 በመቶ አጋቬ» የሚል ጽሑፍ የሌለበት ሁሉ ከዚያኛው ነው። የወርቁ ቀለምም ብዙ ጊዜ ካራሜል እንጂ የበርሜል ዕድሜ አይደለም። «ጋሼ፣ ትሉ ያለበት የለም?» ብሎ መጠየቅም የተለመደ ነው። ትሉ ማጌይ ላይ የሚኖር የእሳት ራት ዕጭ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ መግባት የጀመረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለሽያጭ ነው፤ ጥራትን አያሳይም፣ ቴኪላ ውስጥ ጭራሽ የለም። ቪዳም ውስጥ የለም፤ ለምን ጎደለ ብላችሁ አትዘኑ።

ከምን ጋር? ኦአሃካ ላይ ብርቱካን ተቆርጦ፣ ጨውና ቃሪያ ከዚያው ትል ጋር ተፈጭቶ ይነሰነስበታል። እዚህ የኤረር ብርቱካን ይበቃል። ሚጥሚጣ እንዳለ አይሆንም፤ ኮረሪማው ጭሱን ይጣላዋል። ኮረሪማ ያልገባበት ደረቅ የተፈጨ ቃሪያና ጨው እኩል ቀላቅሉ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ከነልጣጩ የተቆላ ደግሞ ከየትኛውም ጥብስ ይበልጥበታል፤ ቅባቱ ያቺን የከሰል ምሬት ይሸፍናታል።

ለመቀላቀል የሚያምረው ሁመር ነው። ሁመር ሜክሲኮም ውስጥ ይጠጣልና ባዕድ አያገናኙም። 100 ግራም ሁመር በ400 ሚሊ ሊትር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይዘፍዘፍ፣ በእጅ ታሽቶ በጨርቅ ይጠለል። አይቀቀል፤ ከተቀቀለ ወፍራም ይሆንና ጭሱን ይቀብረዋል። 40 ሚሊ ቪዳ፣ 60 ሚሊ ሁመር፣ ከስኳርና ውሃ እኩል የተሠራ ሽሮፕ 15 ሚሊ፣ በረዶ፣ ላዩ ላይ 80 ሚሊ ጋዝ ያለው ውሃ። ሎሚ የሚጨምር አለ፤ ሁመሩ ራሱ ጎምዛዛ ስለሆነ አያስፈልግም። ቪዳ ከምንም በላይ የተሳካለት እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ብቻውን ሲጠጣ ያገኘንበት የመሀል ድካም እዚህ አይታወቅም።

ጨብሲ ላይ ይህን ጠርሙስ አታውጡ። ከበርጫ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣ ሰው የሚፈልገው ፍጥነት ነው፣ ጫት የዋለበት ምላስም ይህን ሁሉ ሽታ አይለይም። ደግሞ አደገኛ ነው፤ ምርቃናው ስካሩን ይደብቅና ሰውየው ስንት እንደጠጣ አይታወቀውም። ሂሳቡ ይኸው፦ 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 25 መለኪያ ነው፤ ውስጡ ያለው አልኮል ባለ 5 በመቶ ባለ 330 ሚሊ 19 ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ያለውን ያህላል።

ግዢውን በተመለከተ፣ በዶላር ገዝቶ ለሚያመጣላችሁ ሰው «መቶ በመቶ ማጌይ፣ አርቴሳናል» የሚሉትን ቃላት ጽፋችሁ ስጡት፤ ቪዳን ካላገኘ በእነዚያ ቃላት ሌላ ያምጣ። የተከፈተ ጠርሙስ በስጦታም በሽያጭም አትቀበሉ። የክዳኑ ልጣፍ ተነስቶ እንደገና የተለጠፈ ከመሰለ፣ ወይም የመጠጡ ከፍታ ከአንገቱ በታች ከወረደ፣ ውስጡ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ቤት ሲገባ ቆሞ ይቀመጥ፤ ተጋድሞ ከሰነበተ ብርቱ አልኮል ቡሽ ይበላል። ከቴሌቪዥን በላይ ያለው መደርደሪያ ያምራል፣ ግን ድሬ ላይ ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው እሱ ነው፤ ወለል አጠገብ፣ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይሻላል። ከግማሽ በታች ሲቀር አየሩ ሽታውን ይወስደዋልና ወደ ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ገልብጡት። ሃይላንድ ውስጥ ግን አይገባም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የምትጠጡት የፕላስቲክ ሽታ ነው።